ከስፒከር በፊት ትንሿን ሳጥን፦ ለጎንደር የክራር፣ የማሲንቆና የጊታር ተጫዋቾች የድጋፍ ጥሪ

የጎንደር ልጆች፣ የጎንደር ወዳጆች፣ በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን!

በከተማችን ክራር፣ ማሲንቆና ጊታር የምንጫወት፣ መሣሪያ የምንሠራና ድምፅ የምናስተካክል ሰዎች የጋራ የድምፅ ዕቃ እያሰባሰብን ነው። ለሠርግ፣ ለትምህርት ቤት በዓል ወይም ለምሽት ዝግጅት የተጠራ ተጫዋች ፈርሞ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ጥምቀትና የጥር ሠርግ ሳይደርሱ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ልናሟላው አስበናል። የምንለምነው ዕቃ ብዙ ሰው የማያውቀው ዓይነት ስለሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ዘርዘር አድርገን እንናገራለን።

ድንኳን ውስጥ ክራር ወይም ጊታር በስፒከር ሲሰማ ድምፁ ቀጥኖ የቆርቆሮ ድምፅ የሚሆንበትን ጊዜ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ለፒካፑ (መሣሪያው ላይ ተገጥሞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጠው ዕቃ) ወይም ለስፒከሩ ይሰጣል፤ ከዚያ ገንዘብ ተዋጥቶ ትልቅ ስፒከር ይገዛል፣ ያው ቀጭን ድምፅ ከበፊቱ ጮክ ብሎ ይሰማል። የችግሩ ሥር ያለው ግን በመሣሪያውና ድምፆቹን በሚያቀላቅለው ሚክሰር መካከል ነው።

በብዙ ክራርና ጊታር ላይ የሚገጠመው ፒካፕ ፒዬዞ የሚባለው ነው። ርካሹ ዓይነት 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የናስ ቅጠል ሲሆን መሀሉ ላይ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፎበታል፤ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህ ዲስክ እንደ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንደሚያጠራቅም ዕቃ ነው የሚሠራው፤ ካፓሲታንሱም (የማጠራቀም አቅሙም) ወደ 20 ናኖ ፋራድ ይጠጋል። የሚክሰር ላይን መግቢያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ነው፤ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው። ዲስኩን በቀጥታ 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ላይ ብትሰኩት ከ800 ኸርዝ (በሰከንድ 800 ንዝረት) በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። የጊታር ስድስቱ አውታሮች ሳይጫኑ ሲመቱ ወፍራሙ 82 ኸርዝ፣ ቀጭኑ 330 ኸርዝ ነው። የሁሉም መሠረታዊ ድምፅ ከዚያ ወሰን በታች ነው ማለት ነው! ለጆሮ የሚተርፈው የጥፍር ጭረቱና የላይኛው ፉጨት ብቻ ይሆናል። ያንኑ ዲስክ 1 ሜጋ ኦም (1000 ኪሎ ኦም) መግቢያ ባለው ፕሪአምፕ፣ ማለትም ከሚክሰሩ በፊት በሚገባ ትንሽ ማጉያ በኩል ብታሳልፉት ወሰኑ ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፤ ምንም አይጠፋም። ጊታር ድልድይ ሥር የሚገባው ቀጭኑ ፒዬዞ ካፓሲታንሱ ከዚህም ያነሰ ስለሆነ እስከ 10 ሜጋ ኦም ቢያገኝ ይመረጣል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ይህችን መሀል የምትገባ ትንሽ ሳጥን ነው። አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ትባላለች፤ መግቢያዋ 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ፣ በ9 ቮልት ባትሪም በፋንተም ፓወርም (ከሚክሰሩ በኬብሉ በኩል በሚመጣ ኤሌክትሪክ) የምትሠራ፣ ፌዝ (የድምፁን ሞገድ) መገልበጫና ግራውንድ ማላቀቂያ ማብሪያ ያላት ብትሆን ደስ ይለናል። 6 ያስፈልጉናል። ፓሲቭ የሚባለው፣ ባትሪ የሌለው ዓይነት ለፒዬዞ አይሆንም፤ የመግቢያው ኦም ዝቅተኛ ስለሆነ ድምፁን መልሶ ያቀጥነዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እዩልን።

ከስድስቱ ሌላ 12 ፕሪአምፖች በራሳችን እጅ ልንሠራ ተዘጋጅተናል። ለአንዱ የሚፈለገው ቲኤል 072 የተባለው አይሲ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ የባትሪ ማያያዣ፣ ሁለት ጃክና ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። የመግቢያው ጃክ የግድ ስቴሪዮ ይሁን፤ ኬብሉ ሲነቀል ባትሪውን የሚያቋርጠው እሱ ነው። ሞኖ ጃክ ከተገጠመ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አድሮ በሠርጉ ማግሥት መልስ ላይ ድምፁ እየተሰባበረ ይሞታል። ሳጥኑም ፕላስቲክ ከሆነ ከመብራቱ መስመር 50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይሰበስባል። ዲስኩ ላይ ሽቦ ስናያይዝ ስታኞው ሴራሚኩን ከሁለት ሰከንድ በላይ መንካት የለበትም፤ ከቆየ ሴራሚኩ ላይ የተቀባው የብር ማዕድን ተልጦ ዲስኩ ይበላሻል። ለዚህ ነው 12 ለመሥራት 40 ዲስክ የምንጠይቀው፤ አንዳንድ ክራር ሁለት ይፈልጋል፣ ለሚማሩት ልጆችም የሚበላሽ ያስፈልጋል።

ማሲንቆ ለብቻው መነገር አለበት። ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ ማግኔት ያለው ፒካፕ የሚሠራው በብረት አውታር ብቻ ስለሆነ ለማሲንቆ ከንቱ ነው። ናይለን ወይም ጅማት ለታሰረበት ክራርም እንደዚያው። ለማሲንቆ ያለው ምርጫ ፒዬዞ ወይም ማይክ ነው። ፊቱ የተወጠረ ቆዳ በመሆኑ ራሱ እንደ ማይክ ነው የሚሆነው፤ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ቆዳውን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያ ደግሞ እንደገና ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ማፏጨት ይጀምራል። ዲስኩን ክሩ ካረፈበት እንጨት እግር ሥር ብታስቀምጡት ድምፁ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን የደጋኑ ፍትጊያ ጎልቶ ይወጣል። ወደ እንጨቱ ጎን ሲሄድ ድምፁ ይለዝባል፣ መጠኑም ይቀንሳል።

ቦታውን የምንፈልገው እንዲህ ነው። ዲስኩ በሁለት በኩል በሚለጥፍ ቀጭን ፕላስተር ለጊዜው ይያዛል፤ ተጫዋቹ አንዷን ዜማ ሳያቋርጥ ይደጋግማል፤ ሌላው ሰው ጆሮው ላይ ሄድፎን አድርጎ ዲስኩን በሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያዛውራል። ማሲንቆው ያለ ስፒከር ሲሰማ የነበረውን ድምፅ የሚመስለው ነጥብ ሲገኝ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። የሰው ጆሮ ቶሎ ስለሚደክም ከግማሽ ሰዓት በላይ አንፈልግም፤ በማግሥቱ ደግሞ እናዳምጠዋለን። እንጨት ላይ ሱፐር ግሉ ይሆናል። ቆዳ ላይ ግን ፈጽሞ! ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ድምፁም ይደነቁራል። ክረምት ሲገባ ቆዳ በእርጥበት ስለሚላላ በመጋቢት ጥሩ የነበረው ቦታ በሐምሌ ሌላ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ በየወቅቱ መፈተሽ አለበት።

አዝማሪ እየዘፈነ ስለሚመታ አንድ ማይክ ለሁለቱም አይበቃም። ከማይኩ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ የነበረ አፍ ወደ 20 ሲርቅ የድምፁ ግፊት በግማሽ ይወርዳል፤ ያን ለማካካስ ማይኩ ሲከፈት ማሲንቆው ድንኳኑን ይሞላል፣ ግጥሙ ይጠፋል። ሕዝቡ የመጣው ግጥሙን ሊሰማ ነው። ለዘፋኙ ድምፅ አንድ ዳይናሚክ ማይክ (ያለ ባትሪ የሚሠራው የተለመደው የመድረክ ማይክ)፣ ለማሲንቆው ፒዬዞ ቢሆን ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል።

ለጊታር ነገሩ ቀለል ይላል። ጸጥ ባለ አዳራሽ ማይክ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ አንገቱና ገላው ወደሚገናኙበት አካባቢ ዞሮ ይቀመጣል። ቀዳዳው ላይ በቀጥታ ካነጣጠረ በ100 ኸርዝ አካባቢ ያለው የሆድ ድምፅ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ከበሮና ኪቦርድ ባለበት መድረክ ግን ፒካፕ ይሻላል፤ ለብረት አውታር ቀዳዳው ላይ የሚገባ ማግኔት ፒካፕ ማፏጨትን ከሁሉ በተሻለ ይቋቋማል፣ ምንም እንኳ ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ቢያደላ። ሁለተኛው ቀጭን አውታር ከሌሎቹ ጎልቶ ቢሰማ አትደነቁ፤ በወፍራሞቹ ላይ የተጠመጠመው ነሐስ ማግኔት ስለማይነካው ነው። ድልድይ ሥር የሚገባ ፒዬዞ ሲገጠም አውታሩ የሚያርፍበት አጥንት ከሥሩ በፒካፑ ውፍረት ልክ መሞረድ አለበት፤ ካልተሞረደ አውታሩ ከፍ ይልና ጣት ያደክማል። ሥሩ ለጥ ያለ ካልሆነ አንዱ አውታር ይጮሃል፣ ጎረቤቱ ይደበዝዛል።

አንድ ነገር በብርቱ እንማጸናለን። ጉምጉምታ ለማጥፋት ተብሎ የስፒናውን የኧርዝ እግር የቆረጠ ማከፋፈያ አትስጡን፣ እናንተም አትጠቀሙ። መብራታችን 220 ቮልት ነው፤ ኧርዝ በሌለው ዕቃ ላይ ጣቱ አውታር፣ ከንፈሩ ማይክ የነካ ዘፋኝ ሊሞት ይችላል። ጉምጉምታን የሚያጠፋው ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለው ግራውንድ ማላቀቂያ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገን ከላይ ከጠቀስናቸው 6 ዲአይ ቦክስ፣ ከ40 ዲስክና ከ12 ፕሪአምፕ ዕቃ በተጨማሪ፦ 4 ዳይናሚክ ካርዲዮይድ ማይክ፣ ማለትም ከፊቱ ያለውን ድምፅ ይበልጥ የሚይዝ (ሹር ኤስኤም 57 ወይም 58 ቢሆን እሰየው፣ ያገለገለም ይሆናል)፤ 4 ማይክ ማቆሚያ፤ ለብረት አውታር ጊታር 2 ማግኔት ፒካፕና ማፏጨትን የሚቀንስ 4 የጊታር ቀዳዳ መክደኛ ጎማ፤ 8 ቻናል ያለው፣ ከ80 ኸርዝ በታች የሚቆርጥ ማብሪያና ፋንተም ፓወር ያለበት አንድ ሚክሰር። ኬብል ደግሞ ሁልጊዜ ያጥረናል፦ ከመሣሪያ እስከ ዲአይ ቦክስ የሚሄድ 10 ኬብል፣ እያንዳንዱ ከ5 ሜትር ያልበለጠ፤ ከዲአይ ቦክስ እስከ ሚክሰር 10 ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ ኬብል)፣ እያንዳንዱ 15 ሜትር። ስፒከር ለጊዜው አንፈልግም፣ በየሠርጉ በኪራይ ይገኛል።

ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የምንጠይቀው በብር ሳይሆን በዕቃ ቆጥረን ነው። አንድ ሰው አንድ ኬብል፣ ወይም አንድ ደርዘን 9 ቮልት ባትሪ ቢሰጥ ሙሉ ስጦታ ነው። ከውጭ የምትመጡ ዘመዶቻችን 40 ዲስክና አንድ ማግኔት ፒካፕ በሻንጣችሁ ጥግ ይገባል፤ አዘዞ ስትወርዱ ቆመን እንቀበላችኋለን። ገንዘብ የሚቀለው ሰው ለየትኛው ዕቃ እንደሰጠ ይንገረን፤ ደረሰኙንና የዕቃውን ፎቶ እንልክለታለን፣ የተረፈ ብር ካለም ወደ የትኛው ዕቃ እንደምናዛውረው አስቀድመን እንጠይቀዋለን።

ዕቃው በሦስት ሰዎች ኃላፊነት ይቀመጣል፤ ያለ ሁለቱ ፊርማ አይወጣም። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ሲመለስ እዚያው ተሰክቶ ይሞከራል፣ የተበላሸው ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት ለጥገና ይለያል። ክፍያ የለም፤ የሚወስደው ተጫዋች ባትሪውን ተክቶ ይመልሳል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፕሪአምፕ መሥራትና ፒካፕ መግጠም በነፃ እናሳያለን፤ ክራርና ማሲንቆ የሚሠሩ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢመጡ ትልቅ ክብር ነው።

መስጠት የፈለጋችሁ ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ ሰው ንገሩት፤ እሱ ከሦስቱ ከአንዱ ጋር ያገናኛችኋል። ቤታችሁ የተቀመጠ የማትጠቀሙበት ማይክ፣ የተቆረጠ ኬብል፣ የማይሠራ ሚክሰርም ቢኖር አትጣሉት። ከተበላሸ ሚክሰር ጃኩ ይወጣል፣ ከተቆረጠ ኬብል ሁለት አጫጭር ይሠራል።