ኦገስት ዊልሰንን በየትኛው ተውኔት እንጀምር?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን በተነሳ ቁጥር፣ ዐሥር ተውኔቶቹ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን እያንዳንዱን ዐሥርት ዓመት እንደሚወክሉ ይነገራል። ልክ ነው። ብዙ ሰው ግን በዚያው ቅደም ተከተል የተጻፉ ይመስለዋል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1904 የሚካሄደው «ጄም ኦቭ ዘ ኦሽን» ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ታሪኩ በ1977 የሚካሄደው «ጂትኒ» የተረቀቀው ከሌሎቹ ቀድሞ ነው። ከዐሥሩ ዘጠኙ የሚካሄዱት በተወለደባት በፒትስበርግ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው በ1987 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘውን «ፌንስስ»ን («አጥሮች») ነው፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ቤተሰብ፣ ታሪኩም በ1957 የሚጀምር።

ተውኔቱን ለመድረክ የሚያዘጋጁ ደግሞ ረጃጅም ንግግሮችን ለሰዓት ሲሉ አይቁረጡ። በ«ፌንስስ» መክፈቻ ዋናው ገጸ ባሕርይ ትሮይ ከሞት ጋር እንዴት እንደታገለ ለሚስቱና ለወዳጁ ይተርካል። ጨዋታ ብቻ መስሏቸው የሚያሳጥሩት አሉ። በሁለተኛው ገቢር ግን ውሽማው አልበርታ በወሊድ መሞቷን ሲሰማ፣ ያንኑ ሞት ፊት ለፊት ያናግረዋል፤ በግቢው ዙሪያ አጥር እንደሚሠራም ይዝትበታል። የመጀመሪያው ከተቆረጠ ሁለተኛው መሠረት ያጣል፤ ተመልካቹም ሰውየው ከማን ጋር እንደሚነጋገር ግራ ይገባዋል።

በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ በቤተ መጻሕፍት ራሱን ያስተማረው ዊልሰን፣ ብዙ ሥራዎቹን ከመድረክ አዘጋጁ ከሎይድ ሪቻርድስ ጋር በንባብ መድረክና በክልል ቴአትር ቤቶች ደጋግሞ እየፈተሸ፣ እየጻፈና እየሰረዘ ነበር ኒውዮርክ ወደሚገኙት ታላላቅ የብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች የሚያደርሳቸው። የቀረው ቃል ሁሉ ከዚያ ማጣሪያ ያለፈ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቴአትር አንባቢ