ትኩሳት እስኪነጋ አይጠበቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በወረርሽኝ ወቅት ለካንሰር ታማሚዎች የሚሰጠው ምክር «ከቤት አትውጡ» በሚል ብቻ መቋጨቱ ያሳስበኛል። ኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን ለመግደል የሚሰጠው መድኃኒት፣ በመቅኔ ውስጥ የሚመረቱትን ነጭ የደም ሕዋሳት ጭምር ስለሚጎዳ፣ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ የሰውነት የመከላከል አቅም እጅግ ይዳከማል፤ በእነዚህ ቀናት አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ ሁሉ ከውጭ ሲገባ እጁን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ሊታጠብ፣ ጉንፋን ቢጤ የጀመረውም ጭምብል አድርጎ፣ ከተቻለ በሌላ ክፍል ሊያድር ይገባል። ክትባትም ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚው ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ትኩሳትን በቸልታ ማለፍ ነው። ቴርሞሜትሩ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ሳያማክሩ ማስታገሻ ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ የኢንፌክሽን ምልክቱን ሸፍኖ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ወረርሽኙን ፈርቶ ሕክምናን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም እንዲሁ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሆስፒታሎች፣ ታማሚው በማንኛውም ሰዓት ደውሎ ሐኪም የሚያገኝበትን ስልክ ቁጥር በቀጠሮ ካርዱ ላይ እንዲጽፉለት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስታማሚ