ጧሪ ያላችሁት ልጅ ጅዳ ነው ያለው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አረጋውያን ጤና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ስለ አዲስ አበባ መጦሪያ ቤቶች የጻፋችሁት ጥሩ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ያንገበገበኝ መሀል ላይ የገባችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በገጠር ያሉ አረጋውያን በልጆቻቸውና በዘመድ ስለሚጦሩ ችግሩ በዋናነት የከተማ ነው ትላለች። ከሷ በኋላ ገጠር የሚባል ነገር ዘገባው ውስጥ የለም። ወሎም የለም።

ጋዜጠኛው ይህን የጻፈው ማንን ጠይቆ ነው? እኔ የምጽፍላችሁ ከደቡብ ወሎ፣ ከተሁለደሬ ወረዳ ነው፤ ከሃይቅ ከተማ ብዙም ከማይርቅ ቀበሌ። እዚህ ጧሪ የተባለው ልጅ የት እንዳለ ልንገራችሁ። ጅዳ ነው። ሪያድ ነው። ቤሩት ነው። ልጆቹ ወላጆቻቸውን አልከዱም፤ ብር ይልካሉ፣ በኢሞ ይደውላሉ፣ ስልኩ ላይ ተያይተው ይላቀሳሉ። ግን ጅዳ ያለ ልጅ ብር ይልካል እንጂ ግፊት አይለካም። የእናቱን ክንድ ይዞ ጤና ጣቢያ አያደርስም።

ከወንድም እህቶቼ መሀል እናቴ ጋ የቀረሁት እኔ ነኝ። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ክኒኗ የሚሰጣት ለወር ለወር ነው። ስለዚህ በየወሩ ቁልቁለቱን በእግር ወርደን አስፋልቱ ላይ ባጃጅ እንይዛለን። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ጎረምሳውም አዛውንቱም አንድ ሰልፍ ላይ ነው። አግዳሚው ሲሞላ እናቴ ነጠላዋን አንጥፋ መሬት ትቀመጣለች። ተራችን ደርሶ ስንገባ ደግሞ የሚያናግሩት እኔን ነው። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ «ምኗን ነው የሚያማት?» ይሉኛል። እናቴ እኮ ትሰማለች። መናገርም ትችላለች።

ባለፈው ዓመት ያዞራት ጀመር። እግሯም አበጠ። ወስጄ ሳሳያት «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ተባልኩ። ብዙም ሳይቆይ ደጃፉ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ፤ ወጌሻ አሰረላት። በኋላ ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። እዚያ ያገኘናት ሐኪም መጀመሪያ ያለችው «እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ እስቲ ያሳዩኝ» ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። ሁለቱ ማሸጊያዎች ስማቸውም ቀለማቸውም ይለያያል። ውስጣቸው ያለው ግን ያው አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ነው። አንዱ ከጤና ጣቢያው የተሰጣት ነው። ሌላው መድኃኒት አልቋል ሲሉን ከውጭ የገዛነው። እናቴ ሁለቱንም እየዋጠች ከርማለች። ፋርማሲ ያልተማርኩት እኔ በምን ልለየው? አንዱ ሲቆም ማዞሩም እብጠቱም ጠፋ። ታዲያ እርጅና ያሉት የታለ? ፌስታል ከፍቶ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ማሽን አያስፈልግም። ሰውየውን እንደ ሰው መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የዘለላችሁት ሌላም አለ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር 13 ወረዳዎች ነበር የተመረጡት። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና የእኛው ተሁለደሬ ነበሩበት። መድኑ ጠቅሞናል፣ አልክድም። ድሮ ለሕክምና በግ ይሸጥ ነበር። ግን መነፅርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። መነፅርና ጥርስ የሚፈልገው ማን ነው? ጎረምሳ ነው? የመድኃኒት ክፍሉ ባዶ ሲሆንስ የመድኑ መታወቂያ ምን ይሠራል? መዋጯችንን ከፍለን ክኒኑን እንደገና ከኪሳችን እንገዛለን። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉም የስኳርና የግፊት ታማሚዎች ያለመድኃኒት የከረሙት እዚሁ ነው። ይህም የከተማ ችግር ነው?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት። እናትና ሕፃን፣ ክትባት፣ ወባ፣ መፀዳጃ ቤት ሁሉም አሉበት። ለአረጋውያን ተብሎ የተቀመጠ ግን አንድም አልነበረም። ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ ስንት እናትና ሕፃን በነሱ ተርፏል። ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሯን ለማየት ቤት ስትገባ ምድጃ ዳር የተቀመጡትን አያት አልፋ ነው የምትሄደው። መለኪያው ቦርሳዋ ውስጥ ቢኖር የሳቸውን ግፊት ለመለካት ስንት ደቂቃ ይወስድባታል?

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ደግሞ ትራኮማ አለባቸው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ይወጋል። የልጅ ልጃቸው ደጅ ታወጣቸውና፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙራ በወረንጦ ትነቅልላቸዋለች። ተመልሶ ይበቅላል፣ ያውም እንደ መርፌ ሆኖ። ይህ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚያስተካክለው ነገር ነው። ቸል ከተባለ ግን ያሳውራል፤ በዚህ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም። በእናንተ አባባል ከሄድን እኚህ ሴት ጧሪ አላቸው። የልጅ ልጃቸው አለች፣ ጉልበቷን አልሰሰተችም። የሌላቸው ሐኪም ነው። ሲሞቱማ ቅሬው፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ አለ። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሰው አይጎድልም። ሳይሞቱስ?

ስለዚህ ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት። ከዚያ ደግሞ እኛ ስንጠይቅ መልስ ያላገኘንበትን እናንተ ባለሥልጣናቱን ጠይቁልን። ግፊቱ የተረጋጋ አዛውንት ለምንድን ነው የሦስት ወር ክኒን አንድ ላይ የማይሰጠው? ለአዛውንት የተለየ መስኮት ከፍቶ ሁለት አግዳሚ መጨመር ስንት ብር ይፈጃል? የግፊት መለኪያውስ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቦርሳ ውስጥ መቼ ነው የሚገባው? በስልክ ብቻ አትጠይቁ፤ ኑና እዩ፤ እናቴ ራሷ ትነግራችኋለች። መልሱን ጋዜጣችሁ ላይ እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከተሁለደሬ ወረዳ፣ ደቡብ ወሎ