ዕድሜን በግምት? ግልጽ ደብዳቤ ለፍትሕ ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልን። ሰላምታ አላበዛም፤ የመጣሁት ስለ አንዲት ቁጥር ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የታክሲ ረዳት ነው። ኅዳር 2017 ላይ ሞባይል ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ሰረቀ አልሰረቀ፣ እሱ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ጣቢያ ላይ «ዕድሜህ?» ሲሉት «17» አለ። ሥራ የገባው እንደዚያ ብሎ ነዋ! ትንሽ ነህ ተብሎ እንዳይባረር ለሁሉም 17 ነኝ ሲል ነው የከረመው፤ ቁመቱም አላሳጣውም። መርማሪው ቀና ብሎ አየው፣ ጻፈው፣ አለቀ።

እናቱ ጋ ያለው ሒሳብ ሌላ ነው። «በታኅሣሥ ሚካኤል ወለድኩት፣ ለአስተርዮ ማርያም ክርስትና አስነሳሁት፣ ምርጫ የነበረ ዓመት ነው» ትላለች። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው። ከታኅሣሥ 12 እስከ ጥር 21 በጣታችሁ ቁጠሩ፣ ልክ 40 ይመጣል። ምርጫው የ2002ቱ ነው። በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ያኖረችው የክርስትና ወረቀትም ያንኑ ይላል። ልጁ ሲያዝ 15 ሊሞላው ሳምንታት ይቀሩት ነበር ማለት ነው።

እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ቀላል አይደሉም፤ ሕጉን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ወቀሳ፣ ክትትል ያለው ትምህርት፣ ጠባይ ማረሚያ መግባት የመሳሰሉ እርምጃዎች ናቸው የተጻፉለት። 15 ካለፈ ግን የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት «ይችላል»። ይችላል እንጂ አለበት አይልም። የእኛ ልጅ 17 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ከጎልማሶች ጋር ታጎረ።

እናቲቱ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ «ሐኪም ይየው» ተባለ። የእጁ አንጓ ራጅ ተነሳ፣ መልሱ «ከ16 እስከ 18» ብሎ መጣ። ራጅ እኮ ስንት ዓመት እንደኖርክ አይነግርም፤ አጥንትህ ምን ያህል እንደበሰለ ነው የሚያሳየው። ብዙ አገር የሚሠራበት የእጅ አጥንት መመዘኛ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ራጅ ከተነሱ፣ ኑሯቸው ደህና ከሆነ ነጭ ልጆች ነው። እኩያሞች እንኳ በአጥንት ይበላለጣሉ። በዚህ መስፈሪያ የ15 ዓመትን ድንበር በሳምንት መለየት ዘበት ነው።

የመንግሥት ወረቀትም ቢሆን ይዋሻል። ዓረብ አገር ለመሄድ በፓስፖርት ላይ ዕድሜዋን ከፍ ያደረገች ልጅ በየሰፈሩ አለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ አንገቷ የተቀላው ስሪላንካዊት የቤት ሠራተኛ በፓስፖርቷ ትልቅ ሰው ነበረች። በልደት ወረቀቷ ግን አደረገች የተባለውን ስታደርግ ገና 17 ዓመቷ ነበር። እህቶቻችን እዚያው አገር ስላሉ ይህ ታሪክ ሩቅ አይመስለኝም።

የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በአዲስ መልክ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ዛሬ ታዳጊ የሆኑት ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ የልደት ሰርተፊኬት አምጡ ብሎ መሟገት አያዋጣም። የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የእናት ቃል መጀመሪያ ይጠየቁ። ሐኪም ቤት መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ውጤቱ «ከዚህ እስከዚህ» ካለ ደግሞ ትንሹ ቁጥር ይያዝ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን ብሏል፤ እኛም የስምምነቱ አባል ከሆንን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖናል።

ዐቃቤ ሕግ በእናንተ ሥር ነው። ዕድሜ ሳይጣራ በታዳጊ ላይ ክስ እንዳይመሠረት መመሪያ ስጡ። ፖሊስንም አነጋግሩና ቅጹ ላይ «ዕድሜ» ከሚለው አጠገብ አንድ መስመር ይጨመር፦ «በምን ተረጋገጠ?» ያን ቀን ይህ መስመር ቢኖር መርማሪው «በቁመቱ» ብሎ አይጽፍም ነበር።