ደብዳቤ ለልጄ፦ ከፍልሰታ በኋላ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አቴንስ ከአሁኑ መጋል ጀምራለች።

የላክሽልኝን የሆቴል ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አየሁ። ነጩን ግድግዳ፣ ሰማያዊውን ጉልላት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለውን መዋኛ ገንዳ ሁሉ። አያምርም አልልም። ከደመወዝሽ ቆጥበሽ «እማዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አንቺም እንግዳ ሁኚ» ማለትሽ አንጀቴን አርሶታል። ነገር ግን በኦገስት መጀመሪያ ሳንቶሪኒ ደሴት አልሄድም። ምክንያቴን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

መጀመሪያ ቀኑ። የመረጥሽው ሳምንት ፍልሰታ ውስጥ ይወድቃል። ግሪኮችም ይጾሙታል፤ የእነርሱ ከኦገስት 1 ጀምሮ በ15 ሲፈታ የእኛ ነሐሴ 1 ቀን ይገባና ነሐሴ 16፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 22 ይፈታል። እነርሱ በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ፤ ደም የለውም ነው የሚሉት። ድሮ የምጠብቃቸው ባልቴት «ብዪ እንጂ፣ የጾም ነው» እያሉ ሲለማመጡኝ ኖሩ፤ እኔ ግን አንድም ቀን እጄን አልዘረጋሁም። ፍልሰታን ባሕር ዳር ተጋድሜ አላሳልፍም። ኦገስት 15 ደግሞ የአገሩ ትልቅ በዓል ስለሆነ አቴንስ ጭር ትልና ሰው ሁሉ ወደ ደሴቶቹ ይጎርፋል። የመርከቡም የክፍሉም ዋጋ ሰማይ ይነካል። በዚያ ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ በጁላይና በኦገስት የኤጂያንን ባሕር ሲያምሰው ይከርማል።

ስለዚህ ከፍልሰታ በኋላ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት እንሂድ። ነሐሴ 23 ተነሥተን ጳጉሜን 4 ብንመለስ፣ በአንቺ አቆጣጠር ከኦገስት 29 እስከ ሴፕቴምበር 9 ማለት ነው። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ለብ የሚለው ያን ጊዜ ነው። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችም ወደየቤታቸው መመለስ ይጀምራሉ። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት አገር ቤት ዝናብ ሲወርድ ግቢ ውስጥ ወጥተን እንጠመቅ ነበር፤ ዘንድሮ ባሕር ውስጥ ገብቼ ላክብረው። ከዚያ ለበዓሉ ዶሮ ለመሥራት እደርሳለሁ።

ቀጥሎ ቦታው። ሳንቶሪኒን አንቺ በስልክሽ አየሻት፤ እኔ ክፍል እያጸዳሁ ነው የማውቃት። ያን የምትወጂውን ደረጃ መኪና አይደርስበትም። እርጥብ ፎጣና አንሶላ በትልቅ ከረጢት ታጭቆ ከገደሉ ወገብ እስከ ላይኛው መንገድ በትከሻ ይወጣል። ውሃው ከከረጢቱ እየተንጠባጠበ ጀርባሽን ያረጥበዋል፤ እላይ ስትደርሺ ፀሐዩ ያደርቅልሻል፤ ከዚያ ተመልሰሽ ትወርጃለሽ። ዛሬ እንግዳ ሆኜ ብሄድ ያቺን ልጅ ከረጢት ተሸክማ ሳያት ተነሥቼ ላግዛት ነው። ምኑን አረፍኩት?

ደግሞም ሰው በዝቶባታል። አገሬዎቹ ራሳቸው ተማርረው፣ ከመዝናኛ መርከቦች የሚወርደው ሰው በቀን ከ8,000 እንዳይበልጥ እስከመወሰን ደርሰዋል። ኢያ መንደር ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ነው። ያቺ ፀሐይ እኮ ሌላውም ደሴት ላይ ትጠልቃለች! ካላየኋት አልሞትም ካልሽ እኔ ከመረጥኳት ደሴት ከናክሶስ በመርከብ ሄደሽ ውለሽ መመለስ ትችያለሽ። እኔ አልከተልሽም።

የእኔ ምርጫ ናክሶስ ናት። ከሲክላዲስ ደሴቶች ትልቋ እርሷ ነች፤ ትልቅ በመሆኗም ቱሪስት ብቻ ሳይሆን ገበሬም አላት። ድንቿና አይቧ በመላው ግሪክ የታወቀ ነው። ወደቡ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚታየው ብቻውን የቆመ የእብነ በረድ በር ነው፤ ፖርታራ ይሉታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለአፖሎ ቤተ መቅደስ ሊሠሩ ጀምረው ሳይጨርሱት ቀሩ፤ በሩ ብቻ እስከዛሬ ቆሟል። ከከተማው በአውቶቡስ አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ፣ አጊያ አና፣ ፕላካ የሚባሉት የአሸዋ ዳርቻዎች ተከታትለው ይገኛሉ። አንድ ቀን ደግሞ ወደ ፊሎቲና አፒራንቶስ መንደሮች እንወጣለን። የዛስን ተራራ «የሲክላዲስ ከፍተኛው» እያሉ ይኮሩበታል፤ 1,004 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁትን ሴት በዚህ አያስፈራሩኝም።

ዳርቻው ላይ ለመተኛ ወንበርና ለጃንጥላ ገንዘብ እንዳታባክኚ። ባሕሩ ዳር በሕግ የሕዝብ ነው። በ2023 የጎረቤቷ ደሴት የፓሮስ ሰዎች ወንበሮቹ ዳርቻውን ሁሉ ስለወረሩባቸው ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ጥሩ አደረጉ። እኔ ነጠላዬን አነጥፋለሁ፣ ጃንጥላም ከቤት አመጣለሁ።

ከናክሶስ በፊት ግን ቲኖስ ደሴት አንድ ሌሊት እናድራለን። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ልትመረቂ ስትይ የተሳልኩት ስለት አለብኝ። በ1823 የተገኘች የእመቤታችን ሥዕል እዚያ አለች። ከወደቡ ጀምሮ ዳገቱን ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ የተሳሉ ሰዎች በጉልበታቸው እየዳሁ ይወጡታል። ውስጡ ስትገቢ ከላይ የብር ጀልባዎች ተንጠልጥለው ታያለሽ፤ ከማዕበል የተረፉ መርከበኞች የሰጡት ነው። በ1940 በኦገስት 15 ዕለት፣ ሕዝቡ ለበዓሉ እንደተሰበሰበ፣ ኤሊ የምትባለውን የግሪክ የጦር መርከብ የጣልያን ሰርጓጅ መርከብ እዚያው ወደብ ላይ መትቶ አሰጠማት። አርበኞቻችን ከዚያው ጣልያን ጋር በየዱሩ የሚፋለሙበት ዘመን ነበር። ባልቴቷ ይህን ሲያወሩኝ ስለ አያትሽ ነገርኳቸውና አብረን አለቀስን።

ጉዞው እንዲህ ይሁን። አንቺ ከፍራንክፈርት አርብ ማታ ግቢና እኔ ዘንድ እደሪ። ቅዳሜ ጠዋት ከራፊና ወደብ ወደ ቲኖስ፣ ከዚያ ወደ ናክሶስ፤ ስንመለስ በትልቁ መርከብ ቀጥታ የአቴንስ ወደብ ፒሬየስ እንገባለን፤ አምስት ሰዓት ያህል ነው። ፈጣኖቹ መርከቦች ቀደም ብለው ያደርሱሻል፤ ግን ውድ ናቸው፤ ነፋስ ሲበረታም መጀመሪያ የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። ነፋሱ ከባሰ ትልልቆቹንም የወደብ ባለሥልጣን ያግዳቸዋል። ስለዚህ የአውሮፕላንሽን ትኬት መርከብ በምንመለስበት ቀን እንዳትቆርጪ፤ አንድ ሌሊት እኔ ጋ አድረሽ በማግሥቱ በረሪ።

ምግብ አያሳስብሽ። ረቡዕና አርብ ፋቫ እንበላለን፤ የእኛን ክክ ወጥ ያለ ቅመም እንደማለት ነው፣ በርበሬ በጠርሙስ እይዛለሁ። የቧንቧ ውሃ ግን እንዳትጠጪ፤ የታሸገ እንገዛለን።

ክፍል ስትፈልጊ ሁለት አልጋ ያለው፣ ወጥ ማብሰያ ያለው ትንሽ ማረፊያ ይበቃናል። በየሌሊቱ በክፍል የሚከፈል የመንግሥት ግብር አለ፤ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል 15 ዩሮ ነው፣ ባለ አንድና ባለ ሁለት ኮከቡ 2 ዩሮ። ብዙ ጊዜ እዚያው ስትደርሺ ስለሚጠይቁሽ በኢንተርኔት ያየሽው ዋጋ ላይ ደምሪበት። የመኖሪያ ፈቃድሽንና ፓስፖርትሽን እንዳትረሺ። የመርከብ ትኬቱ ላይ ስሜን ከነአያቴ ልክ ፓስፖርቴ ላይ እንዳለው ጻፊ፤ የአባትሽን ስም ለእኔ እንዳትሰጪኝ።

የክፍሉን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ፤ አትከራከሪኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። እስከዚያ የሳንቶሪኒውን ሆቴል ሰርዢው፤ ያለ ቅጣት የሚሰረዝበት ቀን እንዳያልፍብሽ።

እናትሽ