ኢንዛይሙ ከአፈራችን ይውጣ
ሰላም አዘጋጅ፣

ስለ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው፣ ግን መፍትሔው ቀርቷል። ፀጉሩ እንዲለቅ ቆዳው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይዘፈዘፋል፤ ያ የገማ እንቁላል ሽታ የሚመጣውም ከሰልፋይዱ ነው። አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ሻጋታዎች፣ ለምሳሌ ከአስፐርጂለስ ዝርያዎች፣ የሚገኝ ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይም ፀጉሩን ስለሚያላቅቅ የሚያስፈልገውን ሰልፋይድ በደንብ ይቀንሰዋል። አመራረቱም ያን ያህል አያስፈራም፦ የስንዴ ፉርሽካ ይረጥባል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ሲበርድ መርዝ የማያመነጭ ዝርያ ተመርጦ ይዘራበታል፣ ከቀናት በኋላ ነጭ ድር ሲያለብሰው በውሃ ይታጠብና ኢንዛይሙ ይጣራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሎሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ጦርን የሸራ ድንኳን ሲበላ የተገኘው ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ እኮ ዛሬ ኢንዛይሙ ጂንስ ያለሰልሳል! እኛ ጋ ተማሪዎች ጥሩ ሻጋታ ለይተው ይመረቃሉ፣ ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ ይረሳል። ያናድዳል። የሞጆ ፋብሪካዎች በአንድ በርሜል እንኳ ይሞክሩት።