ሳትጠይቂ አትፍረጂ፦ ህንድ አገር ፑኔ ከተማ ላለችው ልጄ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ትንሽ ተሽሏታል። እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሰሽ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ለእንቁጣጣሽ ብቻ አይደለም። አክስትሽ ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ካኩ እያልሽ የምትጠሪያቸው አከራይሽ ጋኔሽ በተባለው የሂንዱዎች አምላክ በዓል ቤታቸው ቢጋብዙሽ፣ በዘመዶቻቸው ፊት «ነገ ውኃ ውስጥ የምትጥሉት ጭቃ እንዴት አምላክ ይሆናል?» ብለሽ ሳቅሽ አሉ፤ ሴትዮዋም አንድ ቃል ሳይመልሱ ሳህን ማነሣሣት ጀመሩ። ልጄ ሆይ፣ ሳትጠይቂ አትፍረጂ።

ነገሩን ከልብሽ ጠይቀሽ ቢሆን መልስ ነበረው። የጋኔሽ ምስል ከገበያ ሲገዛ ለእነርሱም ጭቃ ነው። በበዓሉ መጀመሪያ መለኮት እንዲያድርበት ጸሎት ይደረሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ክቡር እንግዳ አበባ፣ መብራትና ሞዳክ የሚሉት ጣፋጭ ይቀርብለታል፤ እንደየቤቱ ልማድ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የስንብት ጸሎት ተደርሶ «ለከርሞ ቶሎ ና» እየተባለ ወደ ውኃ ይሸኛል። አምላክነቱ ጭቃው ነው ብለው ቢያምኑማ እንዴት አሟሙተውት በደስታ ይመለሳሉ? እኛስ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንሳለም ያየ መንገደኛ «እንጨት ያመልካሉ» ቢለን ደስ ይለናል?

የአሥራ አንደኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን ህንዳዊ እንደነበሩ ብዙ ጊዜ አጫውቼሻለሁ። በዚያን ጊዜ ከህንድ ይመጡ ከነበሩት መምህራን ብዙዎቹ ኬረላ ከተባለው የደቡብ ህንድ ግዛት የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እሳቸው ግን ሂንዱ ነበሩ። አንድ ማታ ደብተር ተሸክሜ ቤታቸው ስደርስ፣ መደርደሪያው ላይ ዋሽንት የያዘውን የአምላካቸውን የክሪሽናን ሥዕል አየሁና «ቲቸር፣ አማልክታችሁ ስንት ናቸው?» አልኳቸው። የሒሳብ መለማመጃ ወረቀቴን ሳብ አድርገው 3306 ብለው ጻፉ። ከሥሩ 33፣ ከዚያ 6፣ 3፣ 2፣ አንድ ተኩል፣ በመጨረሻም 1 ጻፉና ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ያጅናቫልክያ የተባለው ጠቢብ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁት የሰጠው መልስ ይህ ነው አሉኝ። ሦስት ሺሁ የአማልክቱ ኃይላት ብቻ ናቸው፤ ሠላሳ ሦስቱ የእሳት፣ የምድር፣ የፀሐይና የመሳሰሉት ናቸው፤ ሁለቱ ምግብና እስትንፋስ፣ አንድ ተኩሉ የሚነፍሰው ነፋስ፤ አንዱ ደግሞ ብራህማን፣ የሁሉ እስትንፋስ የሆነው ነው። የዚያን ዓመት ክረምት ወደ አገራቸው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ራሳቸው በዚያ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ማንን እንደሚለምኑ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ወረቀቱም በዘመቻው ጊዜ ከደብተሮቼ ጋር ጠፋ።

ታዲያ ይህን ሰምተሽ ደግሞ «ለካ ሁሉም አንድ ነው» ብለሽ እንዳትመለሺ። በስምንተኛው መቶ ዘመን ገደማ የነበረው የሂንዱ ሊቅ ሻንካራ፣ ብራህማን መልክም ባሕርይም የለውም፣ የሰው ነፍስም በመጨረሻው ከእርሱ የተለየች አይደለችም ሲል፣ በ13ኛው መቶ ዘመን የተነሣው ሌላው ሊቅ ማድቫ ደግሞ አምላክና ነፍስ ለዘላለም የተለያዩ ናቸው ብሎ ተቃውሟል። ራማኑጃ የተባለውም ሊቅ በበኩሉ ዓለምንና ነፍሳትን ቪሽኑ የተባለው አምላክ አካል አድርጎ አስተምሯል። በፈረንጆች 1875 የተመሠረተው አርያ ሳማጅ የተባለው የሂንዱ ማኅበር ምስልን ጨርሶ አይቀበልም። በዝናቡ ወራት በፑኔ በኩል ወደ ፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ በእግራቸው ሲጓዙ ያየሻቸው ምእመናን ደግሞ ልባቸው በዚያ በሚመለከው አምላክ በቪቶባ ላይ ነው። ስለዚህ «ሂንዱዎች እንዲህ ያምናሉ» ከማለትሽ በፊት የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቂ።

ሃይማኖትሽን ከሌላ ቀላቅዪ ማለቴም አይደለም፤ ብትቀላቅዪ የምቀየምሽ እኔ ነኝ። ብራህማ፣ ቪሽኑ፣ ሺቫ የተባሉት ሦስት አማልክት አብረው ሲጠሩ ሰምተሽ «እንደ ሥላሴ ነው» ማለት ለእነርሱም ለእኛም ስሕተት ነው፤ ለቪሽኑ አማኝ ከሁሉ በላይ ቪሽኑ ነው፣ ለሺቫ አማኝ ሺቫ፤ ብራህማ (ከብራህማን የተለየ ነው) የሚመለክባቸው ቤተ መቅደሶች ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው። የቪሽኑ ወደ ምድር መውረድም ጽድቅ በጎደለ ቁጥር የሚደጋገም ነው እንጂ እንደምናምነው አንድ ጊዜ የተፈጸመ አይደለም። ፕራሳድ የሚሉትን ለአምላካቸው የቀረበ ምግብ ቢያቀርቡልሽና ሕሊናሽ ባይፈቅድ፣ ሆዴን አሞኛል ብለሽ አትዋሺ፤ በሃይማኖቴ አልተፈቀደልኝም ብለሽ በአክብሮት አመስግኚ። ጸሎት ወደሚያደርሱበት ክፍል ስትገቢ ጫማሽን አውልቂ። አሁንም እደግመዋለሁ፣ ሳትጠይቂ አትፍረጂ።

ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰሽ ፍራፍሬ ገዝተሽ ሂጂና ካኩን ይቅርታ ጠይቂ፤ በስልክ አይሁን። ከታረቃችሁ በኋላ፣ ደስ ካላቸው፣ ከመብራቱ ፊት ሲቆሙ ማንን እንደሚለምኑ ጠይቂልኝና ያሉትን ቃል በቃል ጻፊልኝ። የኪራዩ ገንዘብ ሰኞ ይላካል፤ መጀመሪያ የእሳቸውን ክፈዪ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽንም ቀኑ ሳያልፍ አሳድሺ። የበርበሬው እቃ በደንብ ስላልተከደነ ስትከፍቺው ተጠንቀቂ ብላለች እናትሽ።

አባትሽ